አቤት ያለኝ አባት

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤታችን መጋዘን ሲጸዳ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ተገኘ፤ ያ ጀርባው ጉብ ያለው ዓይነት። ተማሪዎቼ ካላየነው ብለው አስጨነቁኝና ሰካሁት። ምስል አልመጣም። ግራጫ ነጠብጣብ ብቻ እየተንጫጫ፣ ከጀርባው የሞቀ አቧራ ሽታ ወጣ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን እጄን ከሶኬቱ ሳላነሳ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሽታ ለእኔ የቅዳሜ ከሰዓት ሽታ ነው፤ ተከትሎት የሚመጣው ደግሞ ፍርሃት ነው።

ያደግነው ከሸጎሌ መንገድ ወረድ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ ጎሚስታ ነበር፤ መንገዱ ዳር ባለች የቆርቆሮ ቤት ጎማ ይለጥፍ ነበር። ቤታችን ዲሽ ከገባ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የጠፈር ተከታታይ ፊልም እናይ ነበር። ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ተዋናዮቹ የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ከታች የሚያልፈው ጽሑፍ ደግሞ ዓረብኛ። እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አማርኛውን የምትሰጠኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበረችው እህቴ ነበረች። እሷ ዝም ካለች ያ ሁሉ መርከብና ያ ሁሉ ኮከብ ለእኔ ዲዳ ነበር።

የማልረሳው አንዱን ክፍል ነው። ከመሬት ርቃ በምትጓዝ መርከብ ላይ አንድ አባት ከትንሽ ሴት ልጁ ጋር ይኖር ነበር። የመርከቧን ግድግዳ ሊጠግን ወደ ውጭ ወጣና ጨለማው ውስጥ ጠፋ። ሁሉም ተስፋ ከቆረጠ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ገባ። መልኩ ያው፣ ድምፁ ያው፣ ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳም ያው ነበር። ሰው ሁሉ አቀፈው። ልጅቷ ብቻ ግድግዳ ተደግፋ አየችው፤ ከዚያ ጠራችው። ዞር ብሎ መለሰላት። የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ።

«ምን አላት?» አልኩ።

«አቤት አላት» አለች እህቴ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። «በፊት እኮ ወዬ ነበር የሚላት። እሱ አይደለም። መልኩን ለብሶ የገባ ሌላ ነገር ነው።»

መብራት ጠፋ። መጨረሻውን ሳናየው ቀረን።

እኛ ቤት አቤት የሚባለው ለትልቅ ሰው፣ ለእንግዳ፣ ለማያውቁት ሰው ነበር። ወዬ የቅርብ ነው። አባቴም ስጠራው ከጎማው ላይ ቀና ሳይል መጨረሻዋን እየጎተተ «ወዬዬ» ይለኝ ነበር። ትልቅ ሆኜ እንግሊዝኛ ማስተማር ስጀምር ነው በእንግሊዝኛ ለአቤትም ለወዬም ያለው ያው አንድ ቃል መሆኑ የታየኝ። ታዲያ አቤትን ከየት አመጣሽው ብዬ እህቴን ጠየቅኳት።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ብላ ሳቀች። «ፊቱን አይቼ ነው የተረጎምኩት!»

ያን ክፍል ባየን ክረምት አባቴ ጎማ እየነፋ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል ተባለ። ሆስፒታል ልጅ አይገባም ስላሉኝ ቤት ሆኜ ጠበቅኩ። እናቴ ማታ ስትመለስ ነጠላዋ የመድኃኒት ሽታ ይዞ ይመጣ ነበር። ስለ እሱ ስጠይቃት «ይመጣል» ትለኝና ፊቷን ታዞራለች። ዝናቡ ሲያባራ አመጡት።

መልኩ ያው ነበር። ያስፈራኝም ይሄው ነው።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አጠገቡ የሚሠራው መካኒክ ከበር ጀምሮ ጮኸ። «ጎሚስታው! ፊትህ ሞልቶ የለም እንዴ! አንተን ደግሞ ማን ነፋህ?» ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባቴም ሳቀ፤ ግን ከሁሉም ዘግይቶ፣ የሌሎቹን አፍ ካየ በኋላ።

እናቴ ከኋላ ገፋ አደረገችኝ። «ሂጂ እንጂ፣ አባትሽን ሳሚው!»

አልሄድኩም። ግድግዳውን እንደተደገፍኩ «አባዬ» አልኩት።

ዞር አለ። «አቤት» አለኝ።

ለእህቴ ጓዳ ውስጥ በሹክሹክታ ነገርኳት። «እሱ አይደለም።»

«ዝም በይ! እማዬ እንዳትሰማሽ» አለችኝ። ተሳስተሻል ግን አላለችኝም።

ከዚያ ወዲያ ጀርባዬን ሰጥቼው አላውቅም። ከእሱ ጋር ብቻዬን ከምቀር ደጅ ዝናብ ቢመታኝ እመርጥ ነበር። ሥርዓት ስለምወድ አንድ በአንድ ፈተንኩት። ሽታውን አሸተትኩ፤ ላስቲክና ቤንዚን አልነበረም፣ ሳሙና ነበር። በመጨረሻ ከቆርቆሮ ቤቱ የተቀደደ የብስክሌት የውስጥ ጎማ አምጥቼ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። የኔ አባት ቀዳዳውን በምራቁ ይፈልገው ነበር፤ ጣቱን አርሶ ጎማው ላይ ሲያሳልፍ አረፋዋ ብቅ ትላለች። ይሄኛው ጎማውን አገላብጦ አየና በሁለት እጁ መለሰልኝ።

«ይቅርታ» አለኝ በትህትና፣ «ይሄ የእርስዎ ነው?»

እርስዎ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጎማውን ጥዬ ሮጥኩ።

እናቴ ማልቀስ ጀመረች፤ ግን ለእኔ አልነበረም የምታለቅሰው። እሱ አጠገብ ቁጭ ብላ ስሙን ደጋግማ ትጠራለች፤ እሱ ደግሞ በጠራችው ቁጥር፣ ሳይሰለች፣ «አቤት» ይላታል። ያኔ እሷም እንደምታውቅ ገባኝ። ቤቱ ውስጥ የምናውቅ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ማናችንም አንናገርም።

አንድ ቀን ወደ ማታ ግድም ከግቢው በር ውጭ፣ አግዳሚው ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ከጳውሎስ ሆስፒታል በኩል የሚመጡት ታክሲዎች እየቆሙ ሰው ያወርዳሉ። እሱ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ያያል። ለመሮጥ እንዲመቸኝ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

«አባዬን የት አደረስከው?» አልኩት።

አልተቆጣም። አልሳቀም። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ መንገዱን አየ።

«እኔም እኮ እሱን ነው የምጠብቀው» አለኝ። ድምፁ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «ይመጣል ብለውኛል። ቁጭ ይበሉ፣ አብረን እንጠብቀው።»

ቆሜ አየሁት። ታክሲ በቆመ ቁጥር ብድግ ይልና ተመልሶ ይቀመጥ ነበር። እሱም ፈርቷል። ይህን ሳይ እግሬ በራሱ ሄደ፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ከእንጦጦ ሲወርድ የባሕር ዛፉን ሽታ ይዞ መጣና አንቀጠቀጠኝ። እሱ ኮቱን አውልቆ፣ እንዳይነካኝ እየተጠነቀቀ፣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ።

እስኪጨልም ጠበቅነው።