ሳሩን አልፌ መሄድ አልቻልኩም

ትናንት ጠዋት ጨንቻ ላይ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገራችንን እያዩ፣ እኔ ብድግ ብዬ «በቃ ሄድኩ» አልኩ...

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ ሲቀላ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። እናቴ ጨንቻ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጓሮዋ ጫፍ ላይ አባቴ ከመሞቱ በፊት የተከላቸው ሦስት የአፕል ዛፎች አሉ። ክረምት ላይ ታማ እኔ ጋ ከረመች። ያኔ ጎረቤታችን ጋሽ ጫሌ የቀርከሃ አጥሩን ሲያድስ ወደ እኛ ገፋ አድርጎ ተከለው። ስትመለስ ዛፎቹ እሱ ግቢ ውስጥ ገብተው ጠበቋት።

እማዬ ለሰው ክፉ መናገር አይሆንላትም። «ጎረቤት ነው፣ ተዪው» ትለኛለች። ግን በአጥሩ ቀዳዳ ዛፎቹን ስታይ ሁለት ጊዜ አግኝቻታለሁ። እኔ ደግሞ መተው የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

ነገሩ ዱቡሻ ደረሰ። ዱቡሻ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጠብ የሚዳኙበት ሜዳ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙም ተስፋ አላደረግኩም። «ተው አንተም፣ ተዪ አንቺም» ብለው አሳቅፈው የሚሸኙን መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ጫሌ ተጠየቀ። «አጥሩ ድሮም እዚያው ነው» አለ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

እማዬ ተነሳች። «በቃ... ይቅር ብዬዋለሁ» አለች፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

ደሜ ፈላ። «ሌባ!» አልኩት በሰው ሁሉ ፊት። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ መንገዱ አመራሁ።

የሽማግሌዎቹ ታላቅ አባባ ማዳ ይባላሉ። ዱላቸውን ጣሉ፣ እርጥብ ሳር ነጩ፣ መጥተው ከፊቴ ተንበረከኩ።

እዚህ አገር ያደገ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ሽማግሌ ሳር ይዞ ከተንበረከከ አይታለፍም፣ አለቀ። የፈለግከውን ያህል ብትናደድ እግርህ እሺ አይልህም። እኔም ቆሜ ቀረሁ። የአባቴ ዛፎች በዚህ ሳር ሊቀሩ ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

«ተነሱ አባባ... ይውሰዳቸው፣ ትቼለታለሁ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ተዪለት ብዬ ነው እንዴ የተንበረከክሁት? እውነቱ ሳይወጣ እንዳትሄጂ ብዬ ነው እንጂ። ቁጭ በዪ ልጄ።»

ከዚያ ወደ እማዬ ዞሩ። «አንቺም ይቅርታሽን ለጊዜው ያዢው። ምን እንዳደረገሽ ሳይናገር ምኑን ነው ይቅር የምትዪው?»

እማዬ ተቀመጠች። እኔም ተቀመጥኩ። አፍሬ ነበር።

ሁላችንም ተያይዘን አጥሩ ጋ ሄድን። አባባ ማዳ ያንን ሳር ለጋሽ ጫሌ ሰጡት። «ይሄን ይዘህ ድንበሩን በእግርህ አሳየን። እኛ ምንም አንልህም። ብትዋሽ ግን ጎሜው ያንተ ነው።» ጎሜ ሰው ነውር ሠርቶ ሲደብቅ በራሱና በቤቱ ላይ የሚመጣ ጣጣ ነው። በዚህ የሚቀልድ አላየሁም።

ጋሽ ጫሌ በአዲሱ አጥር ሥር መራመድ ጀመረ። አንድ እርምጃ... ሁለት... ቆመ። በዚያ በጨንቻ ብርድ ፊቱን ላብ አጠመቀው። ከዚያ ዞረ፣ ዛፎቹን አልፎ ወደ ራሱ ቤት ጠጋ አለና ሳሩን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እዚህ ነበር» አለ። «ታማ ስትሄድ... የምትመለስ አልመሰለኝም።»

አጥሩን በራሱ እጅ ነቅሎ ቦታው መለሰ፤ ከዚያ እማዬ እግር ሥር ተንበረከከ።

«አሁን ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እናቴን እንደዚያ ቀና ብላ አይቻት አላውቅም።

እልል ልል አፌን ስከፍት አባባ ማዳ ጠሩኝ።

«የሱ ጥፋት ታየ። አሁን ያንቺ ይታይ። ታላቅሽን በዱቡሻ ሰድበሻል።»

ልክ ናቸው። ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ፣ ጋሽ ጫሌን ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ጎትቶ አስነሳኝ። ከኋላው ሦስቱ ዛፎች እኛ ግቢ ውስጥ ቆመዋል።

ሲቀላ የገባሁት ጉልበቱ የጨቀየ ቀሚሴን ሳልቀይር ነው፤ «ምን ሆነሽ ነው?» ላለኝ ሁሉ «አሸንፌ ነው» እላለሁ።