ሦስት ፎጣ

የሙዚቃ አዳራሹ ሰው ሁሉ «እትዬ ፎጣ» ይላቸዋል። የወንዶቹን መጸዳጃ ቤት መጠበቅ ከጀመሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ደንባቸው አንድ ነው፤ እጁን የታጠበ ሁሉ ከእጃቸው አንድ ንጹሕ ፎጣ ተቀብሎ፣ አድርቆ፣ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። ሹልክ ሊል የሞከረውን «ልጄ፣ በሱሪህ ልታደርቅ ነው?» ብለው በሰው ፊት ያሳፍሩታል። ባለሥልጣንም ቢሆን።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጥቂት እንግዶች ብቻ በተጠሩበት ልምምድ ላይ፣ ስሙ የገነነው ዘፋኝ ማይኩ ሲጢጥ አለበት ብሎ፣ የድምፅ ባለሙያውን መድረክ ላይ ጠርቶ በቀኝ እጁ በጥፊ አጮለው። ማይኩ ክፍት ስለነበር ጥፊው በአራቱም ድምፅ ማጉያ ተሰማ። የባለሙያው ግራ ጆሮ እስካሁን ይጮኻል፤ በጆሮው ሠርቶ ለሚያድር ሰው ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። ከሰሰ።

ሰኞ መርማሪው ሃምሳ አለቃ መጥቶ፣ የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ቁጭ ብሎ፣ ፊት ረድፍ የነበሩትን ትልልቅ ሰዎች ጠየቀ። ስልክ በር ላይ ስለሚሰበሰብ የቀረጸ የለም።

«አላየሁም፤ ሽንት ቤት ነበርኩ» አለ የመጀመሪያው። ሁለተኛውም። አሥራ አንደኛውም። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁም።

«እንግዲህ ወንድሜ፣ ምስክር ከሌለ መዝገቡን መዝጋቴ ነው» አለው ሃምሳ አለቃው ከሳሹን።

እትዬ ፎጣ ኮሪደሩን እየወለወሉ ይሰሙ ነበር። ሰው ስለ ሌላው ነገር ቢዋሽ ባልገደዳቸው፤ በገዛ ቤታቸው ግን አልቻሉም። ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ገቡ።

«እነዚህ ሁሉ እኔ ዘንድ ነበሩ?»

«አሥራ ሁለት ናቸው፣ እትዬ» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ቤቱ እኮ ያለው ሁለት መቀመጫ ነው። ተዛዝለው ነው የገቡት?» ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። «የቅዳሜውን አጣቢ የሚወስደው ሰኞ ማታ ነው፤ ይኸው፣ ሦስት ፎጣ። አንዱ የዘበኛው፣ አንዱ የከበሮ መቺው፣ ሦስተኛው የእሳቸው።» በአገጫቸው ወደ ሥራ አስኪያጁ ጠቆሙ። «የመጡት ግን ከጥፊው በኋላ ነው። እየታጠቡም ‹ሰው በሰው ፊት እንዲህ ይመታል?› ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እትዬ፣ ሥራዎትን ያስቡ» አለ ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ።

«እሱን አስቤ እኮ ነው የመጣሁት።»

ሃምሳ አለቃው እስክሪብቶውን አነሳ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ... አይቻለሁ» አለ። ያን ጊዜ የአሥራ አንዱም ዓይን በራ።

ፍርድ ቤቱ ዘፋኙን ቀጣው፤ በዚያው መድረክ፣ በዚያው ማይክ ይቅርታ እንዲጠይቅም አዘዘ። ማይኩን ያቀበለው ባለሙያው ነው፤ ሲጢጥ አላለም። ዘፋኙ ላብ በላብ ሆኖ እጁን ሊታጠብ ሲገባ እትዬ ፎጣ እንደ ደንባቸው አንድ ፎጣ ሰጡት።

«ቀኙን በደንብ አድርቀው፣ ልጄ።»