የአባት ስም ሲቀድም

የታሰርንባት የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ድሮ የዕቃ መጋዘን ነበረች። ከአውቶቡስ ተራ ብዙ አትርቅም፤ ጠዋት ጠዋት የረዳቶቹ «ጅማ! ጅማ! የሞላ!» የሚል ጥሪ በግልጽ ይሰማናል። ጅማ መሄድ እንዲህ የሚያስቀና ነገር መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ነው። የሽንት ባልዲው በሩ ሥር ይቀመጣል፤ አዲስ የገባ ሰው የሚተኛው እሱ አጠገብ ነው። ከመርማሪው ቢሮ የሚለየን ስስ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ እዚያ የሚባለውን ሁሉ እዚህ እንሰማለን።

ለእስር ያበቃኝ ስለ አንድ ሕንፃ መሠረት የጻፍኩት ደረቅ የምህንድስና ዘገባ ነው። ብረት ተራ ጀርባ ያለ ሕንፃ ምሰሶዎቹ ቢሰነጣጠቁ ተከራዮቹ መርምርልን አሉኝ። መረመርኩና አፈሩ ያን ሁሉ ፎቅ እንደማይሸከም ጻፍኩ። ነጋዴዎቹ ሰምተው ሱቃቸውን ዘጉ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ጥንቃቄ ይባል ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በነበሩት ወራት ግን ሱቅ የዘጋ አድመኛ፣ ያዘጋ ደግሞ ቀስቃሽ ነበር።

መርማሪው ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ ወጣት ነው። ዘገባዬን ከእሱ በቀር እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለ አፈሩ በጻፍኩት ዐረፍተ ነገር መጨረሻ፣ በቅንፍ ውስጥ ባለችው ቁጥር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ሐሳቡን ከየት እንዳገኘሁት የምታሳይ ናት። በምህንድስና መጽሔት የወጣ ጥናት ነው፤ ዝርዝሩ የመጨረሻው ገጽ ላይ አለ።»

«ስለዚህ የነገረህ ሰው አለ።»

«የነገረኝ የለም። አንብቤ ነው።»

«የጻፈው ነዋ ዋናው ቀስቃሽ!» አለና ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጠ።

ጥናቱን የጻፈው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። ዝርዝሩን ያሰናዳሁት መጽሔቶቹ በሚያዙት ደንብ ነበር። ደንቡ የፈረንጅ ነውና የአባት ስም ይቀድማል፤ የራስ ስም አንዲት ፊደል ሆና ትከተላለች። ከዚያ የጥናቱ ርዕስ፣ የመጽሔቱ ስም፣ ቅጹ፣ ቁጥሩ፣ ገጹና ዓመቱ ይመጣሉ። ርዕሱ ብረት ተራን ይጠራል። ፖሊሶቹም ፊደሏን ከቁብ ሳይቆጥሩ ብረት ተራ ሄደው ፊት የተጻፈውን ስም ጠየቁ። ያን ስም የማያውቅ የብረት ተራ ነጋዴ አልነበረም።

በማግስቱ አባትየውን አመጧቸው።

ነጭ ቆብ ያደረጉ የወሎ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ፌሮ ሲሸጡ የኖሩ። ባልዲው አጠገብ ሊያስቀምጧቸው ሲሉ ተነሥቼ ቦታዬን ለቀቅሁላቸው። ስማቸውን ሲነግሩኝ የሆነው ሁሉ ገባኝ። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ የሚፈልጉት ልጅዎን ነው። በደንቡ ምክንያት የእርስዎ ስም ፊት ገብቶ ነው።»

ወደ ኮምፔንሳቶው አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እሱን አላወቁትም?»

«እስካሁን አላወቁትም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። እዚያ ክፍል ውስጥ ደስ ያለው ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። «እንግዲያው እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስሙ የእኔ አይደል?»

«ምን ይላል ብለው ቢጠይቁዎትስ?»

«አንተ ምን ሥራ አለህ ልጄ? አስቀራኝ።»

ከሰዓቱን ሙሉ፣ ቃል በቃል እያስባልኩ አስቀራኋቸው። ጥቁር አፈር ክረምት እንደሚያብጥ፣ በጋ እንደሚሰነጠቅ፣ ፎቁን ይዞ እንደሚነሣና እንደሚወድቅ ነገርኳቸው። የእንግሊዝኛው ርዕስ ላይ ምላሳቸው ይያዛል፤ ሆኖም አንድም ቃል አልጣሉም። ቅጽና ቁጥር ምን እንደሚያደርግ ጠየቁኝ።

«የተጠራጠረ ሰው ሄዶ በዓይኑ እንዲያየው ነው» አልኳቸው።

«የነቢዩ ሐዲስም እንደዚያ ነው። እገሌ ከእገሌ ሰምቶ ይባላል» አሉና እንደገና ከርዕሱ ጀመሩ።

በማግስቱ ወደ ምሳ ሰዓት ሲጠሯቸው ቆባቸውን አስተካክለው ወጡ። እኔ ጆሮዬን ኮምፔንሳቶው ላይ ለጠፍኩ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ይሄን ታውቀዋለህ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። ርዕሱን፣ መጽሔቱን፣ ቅጹን፣ ቁጥሩንና ገጹን ሳይሳሳቱ አወረዱት። መርማሪው ወረቀት ሲያገላብጥ ሰማሁት። ልጁ የተረፈ መሰለኝ። እንዲተርፍም በሙሉ ልቤ ጸለይኩ።

ወዲያው ከግቢው በር አንድ ድምፅ መጣ። የጓደኛዬ ነበር። ለአባቱ ምሳ ይዞ ነው የመጣው፤ የተያዙት በጥናቱ መሆኑን ከነጋዴዎቹ ሰምቶ ኖሯል።

«ጥናቱ የእኔ ነው!» ይላል። «አባቴ እንግሊዝኛ አያነቡም። እሳቸውን ልቀቋቸውና እኔን እሰሩኝ።»

«ውሸቱን ነው!» ሲሉ ጮኹ ሽማግሌው። «አላውቀውም! ልጄም አይደለም!»

«አባባ፣ በቃዎት» አለ ልጁ።

መርማሪው ሳቀ። ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

አባትየውን ፈቱ። እሳቸው ግን አልወጣም ብለው የበሩን መቃን ያዙ። አልተሳደቡም፣ አላለቀሱም። «የተጻፈው የእኔ ስም ነው፤ የምታሰረው እኔ ነኝ» ብቻ ይላሉ። ሁለት ፖሊሶች ጣቶቻቸውን አስለቅቀው ወሰዷቸው። ምሳ ዕቃው ወደ እኛ ክፍል ተገፍቶ ገባ። ሁላችንም እርቦን ነበር፤ የነካው ግን የለም።

ጓደኛዬን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት፤ እኔንም ከጊዜ በኋላ ያለ ክስ አሰናበቱኝ። እሱ ሲፈታ አባቱ ከተቀበሩ ቆይቶ ነበር። ሕንፃው ዛሬም ቆሟል፤ ስንጥቁን በቀለም ሸፍነውታል። በዚያ ሳልፍ ማዶውን ይዤ ነው የምሄደው።

አሁን የምህንድስና ተማሪዎችን የጽሑፍ አጻጻፍ አስተምራለሁ። የአገራችንን ሰው ስትጠቅሱ የራሱን ስም አስቀድሙ፣ የአባቱንም ሙሉውን ጻፉ እላቸዋለሁ። መጽሔቶቹ ስሙን አገላብጠው ይመልሱልናል፤ እኛም አቃንተን እንልካለን። ያንን አንድ ጥናት ስጠቅስ ብቻ በድሮው ደንብ የአባትየውን ስም ፊት አድርጌ እተወዋለሁ። ጓደኛዬም አስተካክለው ብሎኝ አያውቅም። የጻፍኩት እኔ ነኝ ብለዋል።