ሥሩ ቀይ ጸጉር

የድስት ቂጥ ስፈገፍግ የጥቀርሻው ሽታ ነቀምቴ፣ የልጅነቴ ክሊኒክ ወንበር ላይ ያስቀምጠኛል። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እናቴ ቀይ ጸጉሬን ሰው እንዳያይብን በቅቤና በጥቀርሻ አጥቁራ ለክትባት ወሰደችኝ። ክትባት የሚሰጠው ድሬሰር ራሴን ሲዳስስ ጣቱ ጠቆረ፤ በጨርቅ ቢጠርገኝ ቅላቱ ወጣ።

«ሃርሜ፣ ልጅቷን አታበያትም እንዴ? ጸጉሯን ያቀላው ረሃብ ነው» አላት፣ በኦሮምኛ «እናቴ» ብሎ።

ወረፋ የያዙት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴ ሻሿን ፈታች። በጥቀርሻ የጠቆረው የእሷም ጸጉር ሥሩ ቀይ ነበር።

«ከእኔ ወርሳ ነው» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

ዛሬ የልጅ ልጄ ቀይ ጸጉሯን ለቃ ግቢው ውስጥ ትሮጣለች። እንግዳ በር ሲያንኳኳ ግን እጄ፣ ሳላዘው፣ ሻሽ ፍለጋ ይሄዳል።