ጉዳይ የሌለው መንገደኛ

በጣሊያን ዘመን ሸዋ ሮቢት ላይ ያለ ጉዳይ መንገድ የሚመታ ሰው አንድም እብድ ነው፣ አንድም ባንዳ። እኔን ደግሞ እብድ ያለኝ አልነበረም።

ነገሩ የመጣው በቡአ ነው። ግመል ስጭን ብሽሽቴ ላይ ወጣብኝና ቀን ሙሉ ስጮህ ዋልኩ። ዘመዶቼ ቢጨንቃቸው በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ ወደሚሠሩት ጣሊያኖች ሰፈር ወሰዱኝ፤ ሐኪማቸው ቀደደኝና ሰፋኝ። አገሬን የወረረ ሰው ነፍሴን አተረፋት፣ ወይ ጉድ!

ስፌቱ ሲደርቅ በአስተርጓሚ አስነገረኝ፦ «በየጠዋቱ እስከ ሮቢ ወንዝ ሂድና ተመለስ። ከተኛህ ጎንህ ይታሰራል፣ ግመል መጫን ይቀርብሃል።» እናቴ ደግሞ «የተሰፋ ሰው ፀሐይ ላይ ከወጣ ምች ይመታዋል» ትላለች። እኔ ማንንም አላመንኩም። ያ ፈረንጅ ስለ እኔ ምን ገደደው? አጠንክሮ ድንጋይ ሊያስፈልጠኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ግን ግመል ካልጫንኩ ምን ልበላ ነው? ወጣሁ።

መጀመሪያ ቀን ከደጃችን ካለው ሾላ አላለፍኩም። ጎኔን ይዤ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። በሳምንቱ በዘንግ እየተደገፍኩ ወንዙ ደረስኩ።

ሰው ማፍጠጥ ጀመረ። ጭነት የለኝ፣ የገበያ ቀን አይደለ፣ ለቅሶ አይደለ። «ከተራራው ማን እንደወረደ አይቶ ሊናገር ነው» የሚል ሹክሹክታ ጆሮዬ ገባ። በተራራው ያሉት አርበኞች ባንዳን ምን እንደሚያደርጉት ነጋሪ አያሻኝም ነበር።

በዚህ መሐል ከአባቴ ጋር ያደጉት ጎረቤታችን ሽማግሌ ከኋላዬ መምጣት አበዙ። ስሄድ ይሄዳሉ፤ ስቆም ቆመው ጫማቸውን ያራግፋሉ።

«ደህና አደሩ ጋሼ?»

«አልሐምዱሊላህ። ወዴት ነው?»

«እንዲሁ፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።»

«እንዲሁ!» አሉና ሙስበሃቸውን መቁጠር ያዙ።

አስር ቀን ሙሉ እንዲህ ሆነ። መንገዳቸው ነው እንዳልል፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ከአርበኞቹ ጋር እንደሚላላኩ አውቃለሁ። ሰው የሌለበት ቦታ ሊያስይዙኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ሳይቀድሙኝ ልቅደማቸው አልኩ። ስፌቴን ለሐኪሙ በማሳይበት ቀን ለአስተርጓሚው ስማቸውን ልነግረው ቆረጥኩ። በዚያን ጊዜ ሰው ለመሰቀል አንዲት ቃል ትበቃው ነበር።

ወደ ጣሊያኖቹ ሰፈር በር ስቃረብ ሽማግሌው ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ቁም አንተ ልጅ! ጉልበቴ አለቀ እኮ!» ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «የተራራው ልጆች ሊገድሉህ ተማክረው ነበር። ሐኪም ነው ሂድ ያለው ብላቸው ማን ይመነኝ? ዋስ ሆንኩህ። ባንዳ ሆኖ ከተገኘ የእኔን አንገት ቁረጡ አልኳቸው።»

ወደ እሳቸው ተመለስኩ። «ታዲያ ካመኑኝ ለምን ይከተሉኛል?»

«ማን አመነህ?» አሉ ቱግ ብለው። «ዋስ የሆንኩት ለአባትህ አጥንት ብዬ ነው! አንገቴን አስይዤ ቤቴ ልተኛ ኖሯል? አሁንስ እዚያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ስፌቴን ላሳይ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ገባሁ። አስተርጓሚው «እንዴት ነህ?» ሲለኝ «ጎኔ ደህና ነው» አልኩት፤ ሌላ አልተነፈስኩም። ስወጣ ሽማግሌው እዚያው ድንጋይ ላይ ነበሩ። ተከታትለን ወደ ቤት ተመለስን።

በሁለተኛው ወር ግመሌን ጫንኩ። ኋላም ጣሊያን ወጣ። ሽማግሌው ሊሞቱ ሲሉ አስጠሩኝና እጄን ያዙኝ። «የወዳጄን ልጅ በከንቱ ጠረጠርኩህ፤ አፉ በለኝ» አሉኝ።

«አፉ ብያለሁ ጋሼ» አልኳቸው። ያረቢ፣ በምን አፌ!