ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የቆመው የባሕር ቅጠል

ቦክሂ በኮሪያ፣ በሞክፖ ወደብ አጠገብ ባለ የሴቶች መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሰው እድፍ መፈግፈግ ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። የሥራ ልብሷ ጥቁር ጡት መያዣና ጥቁር የውስጥ ሱሪ ብቻ ነው። በሙያው ያሉ ሴቶች ሁሉ የሚለብሱት ይህንኑ ነው፤ በዚያ እንፋሎት ውስጥ ሌላ ልብስ ለብሶ መሥራት አይቻልም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ቦክሂ ጥቁር ቀለምን የምታመሰግንበት ሌላ ምክንያት አግኝታለች። «የሥራ ልብሳችን ነጭ ቢሆን ኖሮ መሀሉ ቀይ የሆነውን የጃፓን ባንዲራ ለብሳ መጣች ተብዬ አሮጊቶቹ በባልዲ በደበደቡኝ» ትላለች።

የወር አበባዋ ድሮ አራት ቀን ቆይቶ የሚሄድ ጨዋ እንግዳ ነበር። አሁን ግን ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ፣ አሥርም አሥራ ሁለትም ቀን የሚሰነብት፣ ሲሄድም «ቶሎ እመለሳለሁ» የሚል ዓይነት ሆኗል። ከውስጥ የሚደረገውንም ከላይ የሚደረገውንም የደም መቀበያ ደራርባ ትሠራለች፤ አንድ ደንበኛ አጥባ በጨረሰች ቁጥር ወደ ሽንት ቤት ትሮጣለች። ሐኪም ያዘዘላትን ክኒን ስድስት ወር ዋጠች፣ ለውጥ የለም። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ አስገባች፤ በሁለተኛው ወር ደሙ ራሱ ጠርጎ አወጣው። «እሱ እንኳን እኔ ዘንድ መኖር አልቻለም» ብላ ሳቀች። በራሷ ላይ መሳቅ ልማዷ ነው፤ ሌላ ሰው ሳይቀድማት በፊት ራሷ ትቀድማለች።

ነገሩ ቁም ነገር የሆነው በአንድ ረፋድ ላይ የደረቅ ዓሣ ነጋዴው ሚስት ወይዘሮ ፒዮ በሆዷ ተኝታ ጀርባዋን ስትታሽ ነው። ቦክሂ አረንጓዴውን መፈግፈጊያ ጓንት አጥልቃ ከትከሻ ወደ ወገብ እየወረደች ሳለ ጣሪያው ዞረባት፤ ከዚያ እንደ እርጥብ ፎጣ ሴትዮዋ ላይ ተዘረጋች። ወይዘሮ ፒዮ ቀና ሳትል «አዲስ ዓይነት ማሸት ነው?» አለች። ቀጥላም «ደስ ይላል፤ ትንሽ ወደ ግራ በይው» አለች።

ከጎን ባለው አልጋ የምትሠራው ስድሳ ዓመት የሞላት ዎልሱን ናት ነገሩ የገባት። አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ቦክሂ ላይ ቸለሰችባት።

«አንቺ ሴትዮ! ልትሞቺ ከሆነ በእረፍት ቀንሽ ሙቺ!»

«እትዬ፣ ዛሬ ገበያ ስለሆነ እኮ ነው ሳልሞት የቀረሁት።»

«ዝም በይ! ከንፈርሽ ወረቀት መስሏል። ነገ ሐኪም ዘንድ ካልሄድሽ እኔ ራሴ በፀጉርሽ እየጎተትኩ እወስድሻለሁ።»

በማግስቱ ሄደች። እዚህ ላይ ነው አሥራ ስድስት ዓመት የሠራችበት ሙያ ያዋረዳት። በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ «ተገልበጪ» ተብሎ አይነገርም። አሺዋ ጭኑን ወይም ዳሌውን በመዳፏ ጠብ ጠብ ታደርጋለች፣ ደንበኛዋም ትገለበጣለች፤ ሕፃን አሮጊቱ ይህን ያውቃል። ቦክሂ በምርመራ አልጋው ላይ እግሮቿን ከፍታ፣ ዓይኖቿን ጨፍና ተኝታለች። ነርሷ ትንሽ ወደ ታች ዝቅ እንድትልላት ብላ ጭኗን ሁለት ጊዜ ጠብ ጠብ አደረገቻት። ቦክሂም ዞር አለችና በሆዷ ተኛች፤ አንዱ እግሯ ከማሳረፊያው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ፊቷ አልጋው ላይ የተነጠፈው ወረቀት ላይ እንደተጣበቀ።

«ምን እየሆኑ ነው?» አለች ነርሷ ደንግጣ።

ቦክሂ ፊቷን ከወረቀቱ ሳታነሳ «ጀርባዬን ቀድማችሁ አትጨርሱም?» አለች።

ሐኪሟ ዶክተር ናም በአርባዎቹ መግቢያ ላይ ያለች ቀጭን ሴት ናት። ሳቋ እስኪያልቅ ድረስ ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመች። ናሙና ወሰደች፤ ከሳምንት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ ክፉ ነገር አልተገኘም። ደሟ ግን ሊኖራት ከሚገባው ግማሽ ብቻ ነው።

«በዚህ ደም እንዴት ቆመው እንደሚሠሩ አላውቅም» አለች ዶክተሯ።

«ቆሜ አይደለም፣ ደንበኛ ላይ ተኝቼ ነው።»

ዶክተሯ አልሳቀችም። ወረቀት ላይ የማህፀን ሥዕል ስላ አስረዳቻት። ደሙን የሚያመርተው የማህፀኑ የውስጥ ሽፋን ነው፤ እሱን በሙቀት ማቃጠል ይቻላል። ቢላ የለም፣ ስፌት የለም፣ በዚያው ቀን ወደ ቤት መሄድ ይቻላል። የብዙዎቹ ሴቶች ደም በጣም ይቀንሳል፤ የአንዳንዶቹ ጨርሶ ይቆማል።

«ከዚያ በኋላ ግን ማርገዝ የለብዎትም» አለች። «ቢረገዝ ለእርስዎም ለጽንሱም አደገኛ ነው። መከላከያ መውሰድ ይኖርብዎታል። ሌላው መንገድ ማህፀኑን ጨርሶ ማውጣት ነው፤ እሱ ደግሞ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ነው። ሦስተኛው በራሱ ጊዜ እስኪቋረጥ መጠበቅ ነው፤ ያለዎት ደም ግን ያን ያህል የሚያስጠብቅ አይደለም።»

ከዚያ ቅጽ ሰጠቻት። ስም፣ ዕድሜ፣ ያለፈ ሕመም፤ ቦክሂ ሁሉንም ሞላች። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ቀረ፦ «ወደፊት መውለድ ይፈልጋሉ?» ከሥሩ ሁለት ባዶ ሳጥኖች አሉ። ቦክሂ አርባ አራት ዓመቷ ነው። አስቂኝ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ምንም አልመጣላትም። ብዕሩን መለሰችና ቅጹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ወሬ በእንፋሎት ቤት ውስጥ ከእንፋሎቱ ይልቅ ይፈጥናል። በሁለተኛው ቀን ሙቅ ገንዳው ውስጥ አንገታቸው ድረስ የተነከሩት ሴቶች በሙሉ የቦክሂን ማህፀን ጉዳይ ይዘው ሸንጎ ተቀምጠዋል። ቦክሂ የእነዚህን ሴቶች ሆድ ከፊታቸው ይልቅ ታውቀዋለች። ማን በቀዶ እንደወለደች፣ የማን ትርፍ አንጀት እንደወጣ ጠባሳቸውን አይታ ትናገራለች። ልብስ ለብሰው መንገድ ላይ ሲያገኟት ግን ስለማትለያቸው ሰላም ሳትላቸው ታልፋለች፣ «ኮራች» ይሏታል።

«የኔን ካወጡት አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው» አለች ዎልሱን። «አንድ ቀን አልናፈቀኝም።»

«ማቃጠል የሚሉት ግን ያስፈራል» አለች ወይዘሮ ፒዮ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠች። «እንደ ዓሣ ነው? በሁለቱም በኩል?»

«አንዱን ጎን ካቃጠሉ በኋላ ጠብ ጠብ ያደርጉኛል፣ ያን ጊዜ እገለበጣለሁ» አለች ቦክሂ። ገንዳው በሳቅ ተናወጠ።

ዎልሱን ሳቋን ጨርሳ «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ልጅ እንደሆነ በዚህ ዕድሜሽ አትወልጂ!» አለቻት። ክፋት አልነበራትም፤ እውነቱን ነው የተናገረችው። ቦክሂ ከሁሉም በላይ ስቃ ጓንቷን አጠለቀች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የታሹት ሴቶች ግን ቆዳቸው ሁለት ቀን ሙሉ እንደቀላ ነበር።

ማንም የማያውቀው ነገር ቤቷ ውስጥ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ቆሟል። ቦክሂ ያገባችው በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባሏ ማንሶክ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፣ ዝምተኛ። በተጋቡ በመጀመሪያው መከር ብቻዋን ገበያ ሄዳ ከባሕር ታጭዶ የደረቀ፣ ለአራስ የሚሆን የባሕር ቅጠል ገዛች። በአገሩ ልማድ የወለደች ሴት የባሕር ቅጠል ሾርባ ትጠጣለች። ለአራስ የሚሆነው ቅጠል ደግሞ እንደ ሌላው አይቆራረጥም፣ አይታጠፍም፤ ቁመቱን እንደያዘ ይገዛል፣ ዋጋውም አይከራከሩበትም። ቢሰበር ምጥ ይጠናል ይባላል። የምትገዛው እናት ወይም አማት ናት። ቦክሂ ሁለቱም የሏትም። ስለዚህ ለሻጯ «ለነፍሰ ጡር እህቴ ነው» ብላ ዋሸች፤ እህትም የላትም። ቁመቷን የሚያህለውን ደረቅ ጥቅል በአውቶቡስ ስታመጣ ሰው እንዳይገፋባት አቅፋ ቆመች። «እኔ ራሴን እንዲህ አቅፌ አላውቅም» ብላ በልቧ በራሷ ስቃለች። ከዚያ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ደበቀችው። በሦስተኛው ዓመት ደሟ ሃያ ሁለት ቀን ዘግይቶባት ነበር። እነዚያን ሃያ ሁለት ቀናት እየዘፈነች ሠራች። በሃያ ሦስተኛው ቀን መጣ፤ ሽንት ቤት ተቀምጣ ውሃ ከፍታ አለቀሰች፣ ወጥታም ቀጣይዋን ደንበኛ ጠራች።

ቅጹን ከወሰደች በዘጠነኛው ቀን፣ የእረፍት ቀኗ ላይ፣ ጥቅሉን ልትጥለው ወሰነች። እሱን እያየች «አልፈልግም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ አልሆነላትም። ቁም ሣጥኑን ገፋ አድርጋ አወጣችው። አምስት ዓመት የቆመ ነገር አቧራ ለብሶ፣ ሻግቶ ይሆናል ብላ ነበር። አልሻገተም። የታሰረበትን ወረቀት አየችው። የምርት ዘመኑ የዘንድሮ ነው።

ማንሶክ የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ ሲገባ ሚስቱን ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ጥቅሉ ጭኗ ላይ ተጋድሞ አገኛት። ኮፍያውን አወለቀ።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች ቦክሂ።

«ያንቺው ነው» አለ። «በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ሲሻግት ቁም ሣጥኑን ሳነሳ አየሁት። መሽተት ጀምሮ ነበር። ፀደይ ላይ ቀየርኩት። ከዚያ በየፀደዩ አዲስ ሲወጣ እቀይረዋለሁ፤ አራስ የአምናውን አትበላም ብዬ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አራት። ሻጯ አሁን ታውቀኛለች። የዘንድሮውን ስገዛ ጮክ ብላ አጨበጨበችልኝ። 'አገሩ በሙሉ መውለድ አቁሞ አንተ ብቻህን ቀጥ አድርገህ ያዝከው! አራት በአራት ዓመት!' አለችኝ። ምን ልበላት? የልጆቹን ስም ስትጠይቀኝ ተሸበርኩና የአውቶቡስ ፌርማታዎቹን ስም ነገርኳት።»

ቦክሂ እስክትታነቅ ድረስ ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ የትኛው የት እንዳበቃ እሷም አላወቀችውም። ማንሶክ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ?»

«ትስቅብኛለህ ብዬ። አሮጊት ሙሽራ አራስ ልትሆን አማራት ብለህ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አንተ ልጅ ትፈልጋለህ?»

«ፈልጌ ነበር። ከወደቅሽ ወዲህ ግን፣ መሪ ይዤ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ፍሬን እረግጣለሁ። ሰው ጭኜ እኮ ነው የምነዳው። አንቺን ነው የምፈልገው፣ ቦክሂ። ቆመሽ።»

ቅጹን ከቦርሳዋ አወጣችና ጥያቄውን አሳየችው። «ጥያቄው ልክ አይደለም። መፈለግማ እፈልጋለሁ። 'ትተሽዋል ወይ?' ብሎ ቢጠይቀኝ ነው የሚሻለው።»

«ትተሽዋል?»

ቦክሂ ጥቅሉን በአንድ ጫፍ ያዘች፣ ሌላውን ጫፍ ለእሱ ዘረጋችለት። እሱም ገባው። አንድ ላይ አጠፉት፤ ደረቁ ቅጠል ቀጭ ብሎ መሀል ለመሀል ተሰበረ። ድምፁ በረታባት። ከዚያ ብዕር ጠየቀችውና «አልፈልግም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

የሕክምናው ቀን ጠዋት ማንሶክ ቅጠሉን ሲዘፈዝፍ ልምድ ስለሌለው ግማሹን ጥቅል ባንዴ ነከረው። የአንድ አራስ የብዙ ሳምንት ቀለብ ነው። ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ከድስቱ አልፎ ወደ ሳህን ማጠቢያው፣ ከዚያም አልፎ ወደ ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ተረፈ፤ መታጠቢያ ቤቱ ያሉ ሴቶች ሳምንቱን ሙሉ ሲበሉት ሰነበቱ። ለቦክሂ ግን የመጀመሪያውን ድስት በሥጋ ሠርቶ፣ በፔርሙዝ አድርጎ፣ ከሕክምናው ስትወጣ ጠበቃት።

ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ከጎኗ አንዲት አሮጊት ተኝተዋል። ማንሶክ ክዳኑን ሲከፍት ሽታው ክፍሉን ሞላው። አሮጊቷ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ፣ ፊታቸው በራ።

«እሰይ! እንኳን ደስ ያላችሁ! ወንድ ነው ሴት?»

ማንሶክ ማንኪያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሚስቱ አንድ ቀልድ ታመጣለች ብሎ ጠበቀ፤ እሷም ራሷ ጠበቀች። ሆዷ ውስጥ ከሕክምናው የቀረ የሚጨመድድ ሕመም አለ፣ እጆቿ ግን ሞቀው ነበር።

«ልጅ የለንም፣ እማማ» አለች። «ፈልገን ነበር፣ አልሆነም። ሾርባው የተሠራው ለእኔ ነው።»

አሮጊቷ ለአፍታ አዩአት፤ አንገታቸውን ነቀነቁና ተመልሰው ተጋደሙ።

«እንግዲያው ሳይቀዘቅዝ ብዪ፣ ልጄ» አሉ።

ቦክሂ ፔርሙዙን በሁለት እጇ ተቀበለችና እስከ ታችኛው ቅጠል ድረስ በላች።