አክስቴ ለሰው ድምፅ ሁለት ሰጠች

አክስቴ ሃያ ሦስት ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ደዋዩ «ሃሎ» ሲል ብቻ ለሠርግ ይሁን ለመርዶ መስመር እንደሚፈልግ ትለይ ነበር። መስመሩ ያለ ሰው መሥራት ሲጀምር አሰናበቷት። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የቀረላት ድምፅ የኔ ብቻ ሆነ፤ እኔ ደግሞ ጨዋታ አልችልም።

በስተርጅና ያገኘችው ሥራ ጆሮዋን የሚፈልግ ነበር። ኮምፒውተር የሚያነባቸውን ዐረፍተ ነገሮች በማዳመጫ እየሰማች፣ ለድምፁ አነሣስና አወዳደቅ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ትሰጣለች። በመካከል የእውነተኛ ሰው ንባብ ተደብቆ ይገባል፤ አድማጮቹ የሚፈተኑበት ነው። ለሰው ሦስት ጊዜ ከአራት በታች የሰጠ «ጆሮው አይታመንም» ተብሎ ይሰናበታል፤ ነጥቡም ሁሉ ይጣላል።

አክስቴ ሁለቴ ወድቃለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነጥቡን የሚሰበስበው ወጣት ቴክኒሻን ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«እትዬ፣ ሰባተኛውን ንባብ እንደገና ይስሙልኝ። የቅድሙን ነጥብ ማንም ሳያይ እሰርዘዋለሁ።»

ሰማች። «ሁለት ነው።»

«ከጓዳዎ የሚያወጡት ይመስል ምን ያሰስትዎታል? ሰው እኮ ነው! አንባቢያችን ናቸው።»

«ሰው መሆኑን መች ካድኩ? ጥያቄውም፣ ደስታውም እንደ መርዶ ይወርዳል። ዜማውን ይመዝኑ ብላችሁ አይደል የቀጠራችሁኝ?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ሚስታቸውን በቀበሩ በሳምንቱ የተቀዳ ነው።»

«ታዲያ ምን ብላችሁ አስነበባችኋቸው?»

«የማስረከቢያው ቀን ደርሶብን ነው። እባክዎ፣ አራት ይበሉና ይገላገሉ። ሥራዎን ሊያጡ ነው።»

«ማሽኑ ከዚህ ሊማር አይደል? አራት ካልኩ፣ እንዲህ ተናገር ማለቴ ነው» አለችና ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ያን ዕለት በጊዜ ገባችና የሆነውን ነገረችኝ። «ሁለት ነጥብ ብትጨምሪላቸው ምን ነበረበት?» አልኳት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «አንተ ደግሞ» ብላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች። ብዙ ቆየችበት።

ነጥቧ አብሯት ተጣለ፤ ድምፁ አለፈ። በዓመቱ ለዓይኗ ቀጠሮ ልታስይዝ ወደ ሆስፒታል ደወለች። ማሽኑ በአንባቢው ድምፅ እንኳን ደህና መጡ አላት፤ ቀኑን ነገራት፤ ሰዓቱን ነገራት። ሁሉም ቁልቁል ይወርድ ነበር። መስመሩ ላይ ሰው እንደሌለ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«እግዜር ያጽናዎት» አለች፤ ስልኩንም ቶሎ አልዘጋችውም።